የጋሽ አራጌ ቀኝ አውራ ጣት

ጋሽ አራጌን የማያውቅ ሰው መካነ ሰላም ፍርድ ቤት ደጅ ረግጦ አያውቅም ማለት ነው። ከበሩ ማዶ፣ ከመንገዱ ዳር፣ በአራት አጣና ላይ የተጋደመች ቆርቆሮ አለች፤ ከሥሯ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ዱካና አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር። ከዚያ ጠረጴዛ ኋላ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ማመልከቻ የጻፈው እሱ ነው። ድንበሩ የተገፋበት፣ ውርስ የተከለከለ፣ ባሏን መፍታት የፈለገች፣ ፈትታ የተጸጸተች፣ ሁሉም መጀመሪያ ለጋሽ አራጌ ይናገራል፤ ዳኛው የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

ቁጡ ነው። ነገሩን ከአዳም የሚጀምር ባለጉዳይ ሲገጥመው፣ «ወንድሜ፣ ክሱ የድንበር ነው! አያትህ ስንት ፈረስ እንደነበራቸው ዳኛው አይጠይቁህም!» ይላል። ቁጣው ግን ከአፉ አያልፍም። ባለጉዳዩ አንገቱን ሲደፋ ካየ ወዲያው ሆዱ ይባባል። «አብሽር፣ ተቀመጥ፤ የአያትህንም ፈረስ በአንድ መሥመር እናገባታለን» ይለዋል። ደግሞም ያገባታል።

ጠረጴዛው ላይ በወፍራም ካርቶን የተጻፈች አንዲት አባባል ቆማለች፦ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።» ራሱ ነው የጻፋት። ከቅዱስ ሚካኤል ቀጥሎ ጋሽ አራጌ የሚያምነው ይህቺን ካርቶን ነው።

ከካርቶኗ አጠገብ የማኅተም ቀለም የያዘች ትንሽ ቆርቆሮ አለች። ማመልከቻው ሲያልቅ መፈረም የሚችል ይፈርማል፤ የማይችል ጣቱን ይሰጣል። ጋሽ አራጌ የሰውዬውን አውራ ጣት ይይዝና ከሐምራዊው ቀለም ነክሮ፣ ወረቀቱ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አንከባሎ ያነሳዋል። ንጹሕ አሻራ በማንሳት የሚስተካከለው የለም። ታዲያ ጣቱን በያዘ ቁጥር ሳይናገር አይለቅም። «ይኸ ጣት እርሳስ ቢይዝ ምን ነበረበት? በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ሦስት መቶ ሰው ፊደል አስቆጥሬያለሁ፤ አንተ ያኔ የት ነበርክ?» ሰውዬው ያኔ ገና አልተወለደም ይሆናል። ይህን ማን ደፍሮ ይንገረው!

ከሦስት መቶዎቹ ውስጥ ያልነበረች አንዲት ሰው ግን ከገዛ ቤቱ አለች፤ ሚስቱ ወርቂቱ። በተጋቡ በዓመታቸው፣ «እኔንስ አታስተምረኝም?» ብላው ነበር። «ከወለድሽ በኋላ» አላት። ወለደች፣ ጠየቀችው። «ክረምቱ ይለፍ» አላት። ስንት ክረምት አለፈ! እሷም መጠየቁን ተወችው፣ እሱም ረሳው።

የመሬት ይዞታ ደብተር የታደለ ጊዜ ቀበሌው ጋሽ አራጌን አሻራ እንዲያነሳ ለምኖት ነበር። ሕዝቡ ተሰልፎ፣ እሱ ጣት እየያዘና ከቀለም እየነከረ ሲያሳልፍ ወርቂቱ ደረሰች። ጋሽ አራጌ ቀለሙን ከጎኑ ወዳለው ጸሐፊ ገፋ አደረገና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሦስት መቶ ሰው አስተማርኩ የሚል ሰው የሚስቱን ጣት ሲነክር እንዳይታይ አፍሮ ነው። ወርቂቱ ጣቷን ለሌላው ሰጥታ፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ ወደ ቤቷ ሄደች። ስለዚያ ቀን ትንፍሽ አላለችም።

ዘመን ሄደና ማመልከቻውን ሲጽፍበት የኖረው ታይፕራይተር ጥብጣቡ ከገበያ ጠፋ። ደሴ መሥሪያ ቤት የምትሠራው ልጁ የኔአለም ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝታ ላከችለት። ከመንገዱ ማዶ የፎቶ ኮፒና የኮምፒዩተር ቤት ያላት ፈይዛ ከፍታ ብታየው እየተንፏቀቀ አስቸገራት፤ የነበረበትን ጠርጋ ኮምፒዩተሩን የሚያሠራ ሊኑክስ የሚባል ፕሮግራም ጫነችበት።

«ይኸ ደግሞ የማን ነው?» አለ ጋሽ አራጌ። የባለቤትነት ጉዳይ እንጀራው ነው።

«የማንም አይደለም ጋሼ፣ የሁሉም ነው። በያገሩ ያሉ ባለሙያዎች በደቦ የሠሩት ነው። ሆዱን ከፍቶ ማየትም፣ የተጣመመውን ማቃናትም ለሁሉም የተፈቀደ ነው።»

«እና ክርክር አይነሳበትም?»

«ወላሂ ሲነሳበት ነው የሚውለው!»

ጋሽ አራጌ ከልቡ ሳቀ። ደቦ ያሳደገው የገበሬ ልጅ ነው፤ ነገሩ ገባው። በወሩ በሁለት አመልካች ጣቶቹ ቀጭ ቀጭ እያደረገ ማመልከቻ መጻፍ ለመደ። የጻፈውን በፍላሽ ይዞ መንገዱን ይሻገርና ፈይዛ ታትምለታለች።

መከራው ፓስዎርዱ ነበር። «የሰው ምሥጢር የያዘ ዕቃ ያለ ፓስዎርድ አይሆንም» አለች ፈይዛ። እሱም እውነቷን ነው ብሎ፣ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የጻፈውን ክስ የመዝገብ ቁጥር መረጠ። ይህን ቁጥር ከስሙ እኩል ያውቀው ነበር። አንድ ጠዋት ግን ላፕቶፑን ከፍቶ ጣቶቹን አንሥቶ ቀረ። ቁጥሩ የለም። ከአእምሮው ሙልጭ ብሎ ወጥቷል።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ «ይኸ የደቦ ዕቃሽ ታመመ» ብሎ ፈይዛን ጠራት። መጥታ ብታይ ዕቃው ምንም አልሆነም። በራሷ መንገድ ከፈተችና ሌላ ፓስዎርድ አስመረጠችው። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ፈይዛ ነገሩ ገብቷታል፤ እሱ ደብዳቤ ሲጽፍ እያየች ያደገች የሰፈር ልጅ ናትና አፏን ያዘች።

የረሳው ፓስዎርዱን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ሃያ ዓመት የሚያውቃቸው ባለጉዳዮች ስም ይጠፋበት ጀመር። አንድ ከሰዓት ደግሞ ከገበያው ጥግ ቆሞ ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ የትኛው እንደሆነ ለትንሽ ጊዜ ጠፋው። ለትንሽ ጊዜ ነው፤ ግን ላብ አጠመቀው። አባቱ በመጨረሻ ዘመናቸው ልጆቻቸውን፣ «እናንተ የማን ልጆች ናችሁ?» እያሉ ነው ያረፉት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ ያንን ያየ ሰው ቁጥር ሲረሳ ቁጥር ብቻ አይደለም የሚታየው። ደግሞ ወሬው ፍርድ ቤቱ ደጅ ከደረሰ ማን መሬቱን አምኖ ያጽፈዋል? ከዚያች ቆርቆሮ ሥር ከተነሣ ጋሽ አራጌ ማን ነው? ስለዚህ ከሰው ሁሉ ደበቀ፤ ይልቁንም ከወርቂቱ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ለሌላ ሰው የተባለ ይመስለዋል።

በጥቅምት ወር በአንዱ ሐሙስ ጠዋት፣ ኮቱን ስታቀብለው ወርቂቱ፣ «ዛሬ የአለኸኝ ይግባኝ የመጨረሻ ቀኑ አይደል?» አለችው።

«አውቃለሁ!» አለ ቆጣ ብሎ። አላወቀም ነበር።

አለኸኝ ከቆላው በኩል በሌሊት ተነሥቶ በእግሩ የመጣ ገበሬ ነው። የአባቱ መሬት ለሌላ ተፈርዶበት ይግባኝ ሊል ነው፤ ይግባኙ ተጽፎ ላፕቶፑ ውስጥ ተቀምጧል፤ መታተምና መግባት ብቻ ነው የቀረው። መዝገብ ቤቱ ያን ዕለት ከሰዓት አይሠራም፤ ለምሳ ከመዘጋቱ በፊት ካልገባ ቀኑ አለቀ፣ መሬቱም ሄደ።

ጋሽ አራጌ ላፕቶፑን ከፈተ። ፓስዎርድ ይላል። አንዱን ጻፈ፤ እምቢ። ሌላውን ጻፈ፤ እምቢ። የልጁን ልደት፣ የሠርጉን ዓመት፣ ያልሞከረው የለም።

«ጋሼ፣ ደህና ነው?» አለ አለኸኝ ከአግዳሚው ብድግ ብሎ።

«ማሽኑ ነው! ማሽኑ ነው ያመመው!»

አለኸኝ የሽማግሌውን ፊት አየና ሌላ አልጠየቀም። ሮጦ መንገዱን ተሻግሮ ፈይዛን ይዟት መጣ። ፈይዛ ላፕቶፑን አጥፍታ አበራችው፤ ከጥቁሩ ገጽ ላይ ነጭ ነጭ ፊደል እየጻፈች ረጅም መንገድ ሄደችበት። ጋሽ አራጌ ሰዓቱን እያየ ከንፈሩን ይነክሳል። በመጨረሻ ተከፈተ፣ ታተመ፣ አለኸኝ ወረቀቱን ይዞ በረረ። የመዝገብ ቤቱ ልጅ ቁልፉን ከኪሱ ሲያወጣ ነው የደረሰበት።

ፈይዛ አልሄደችም። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ እንዳይቆጡኝ። ይቺን ትንሽ አራት ማዕዘን ያዩዋታል? አሻራ ማንበቢያ ናት። ጣትዎን አንዴ ካስለመድናት ፓስዎርድ አትጠይቅዎትም። ነካ ነው፣ ክፍት ነው።»

«አሻራ?» አለ ጋሽ አራጌ። «እኔ? አራጌ? ፊደል እንዳልቆጠረ ሰው በጣቴ ልፈርም? ኧረ ፈይዛ! አባትሽ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉሻል?»

«ጋሼ፣ ይኸ እኮ ፊርማ አይደለም፤ ቁልፍ ነው...»

«አሻራ አሻራ ነው! አልፈልግም!»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያለ በባለጉዳይ ሲተርት የኖረ ሰው ነው። ዛሬ ተረቱ ዞሮ ቤቱ ገባ።

በዚህ መሐል ወርቂቱ ምሳ በጨርቅ ቋጥራ ደረሰች። ጩኸቱን ከሩቅ ሰምታለች። «ምን ሆናችሁ?»

«በጣትህ ፈርም ትለኛለች!»

ወርቂቱ ቋጠሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ምን አለበት? እኔ ዕድሜ ልኬን የፈረምኩት በጣቴ ነው፤ ጣቴ አልተቆረጠ።»

ፈይዛ መሬት መሬቱን ታያለች።

«አለኸኝን መንገድ ላይ አገኘሁት» አለች ወርቂቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እየሮጠ ነው ያለፈኝ። አያ አራጌ፣ እስከ መቼ ነው የምትደብቀኝ?»

«ምኑን?»

«መርሳትህን። ካወቅሁ እኮ ዓመቴ! ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቀጠሮ የማነሣልህ ለወሬ ይመስልሃል? ባለጉዳዮችህን ገበያ ላይ እያስቆምኩ መቼ ነው እያልኩ ጠይቄ ነው። የየትምወርቅ ሰኞ ነው። የአምላኩ የውርስ መልስ ጥቅምት ሃያ አራት ነው። የፊርደውስ የቀለብ ጉዳይ ኅዳር ሦስት ነው። ልቀጥልልህ?»

ጋሽ አራጌ ዓይኑ ካርቶኗ ላይ ወደቀ። በቃል ያለ ይረሳል። ዓመት ሙሉ እሱ በጽሑፍ ያስቀመጠውን ሲረሳ፣ እሷ በቃሏ ይዛ በር ላይ ስታስታጥቀው ኖራለች። እሱ ደግሞ አውቃለሁ እያለ ይቆጣታል! አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ ወደዳት። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?» አለችው። «የመሬት ደብተሩ ቀን ፊትህን ስታዞርብኝ ዝም አልኩ። ከፍቶኝ ነበር አያ አራጌ፤ በጣም ከፍቶኝ ነበር። ዛሬ ግን ዝም አልልም። ከሰው ደብቅ፤ ከእኔ አትደብቅ» አለች።

ጋሽ አራጌ እጅጌውን ሰበሰበ። «ፈይዛ፣ በይ አምጪው።»

ፈይዛ የሚከፈተውን ከፍታ፣ «ቀኝ አውራ ጣትዎን» ከማለቷ ጋሽ አራጌ የሠላሳ ስምንት ዓመት ልማዱ ቀደመው። ጣቱን ከማኅተም ቀለሙ ጥልቅ አድርጎ ነክሮ ወደ ላፕቶፑ ሰነዘረ።

«ያረቢ!» ብላ ፈይዛ እጁን በአየር ላይ ቀለበችው። «ጋሼ፣ ቀለም አይፈልግም!»

ወርቂቱ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ፈይዛም ሳቀች፤ እሱም ሐምራዊ ጣቱን እያየ አብሯቸው ሳቀ። ጣቱ ተጠረገና እንደገና ተጀመረ። አሁን ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ያንከባልላል። «አያንከባልሉት፤ ነካ አድርገው ማንሣት ብቻ» ትለዋለች። ነካ አድርጎ አነሣ። ማሽኑ ግን እምቢ አለ። አመልካቹን ሞከሩ፣ እምቢ። የግራውን ሞከሩ፣ እምቢ።

ፈይዛ ጣቶቹን ወደ ብርሃን አዙራ አየች። «መሥመራቸው አልቋል ጋሼ። ወረቀት ሲገልጡና ያንን ታይፕራይተር ሲወቅጡ ኖረው ልጠዋቸዋል።»

«ለደብዳቤው ሰጥቼ ጨረስኩት በይኛ» አለ ጋሽ አራጌ።

በመጨረሻ የቀኝ ትንሿ ጣቱ ተቀመጠች። ሰባት ጊዜ ነካ አድርጎ ካነሣት በኋላ ማሽኑ ተቀበላት። «አየሻት!» አለ ጋሽ አራጌ። «ዕድሜዋን ሙሉ ሥራ የፈታችው ናት የምታገለግለኝ!» ዘጋው፣ በትንሿ ጣቱ ነካው፣ ተከፈተ። እንደገና ዘጋው፣ ተከፈተ። ደስ አለው።

ከዚያ ደስታው ከፊቱ ቀስ ብሎ ወረደ። ጣቱን እያየ፣ «ይቺ ጣት መሆኗን የረሳሁ ዕለትስ?» አለ።

ፈይዛ ወደ ወርቂቱ ዞረች።

«የዚያን ዕለት እኔ እነግርሃለሁ» አለች ወርቂቱ።

ጋሽ አራጌ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ወደ ፈይዛ ዞረ። «ይኸ ማሽን የማን ጣት ነው ብሎ ይጠይቃል?»

«የማን አይልም ጋሼ። የትኛው ጣት ነው ብቻ ነው የሚለው።»

«የእኔ የቀኝ አውራ ጣት ቦታ ባዶ ነው?»

«እምቢ ብሎን የለ? ባዶ ነው።»

«እንግዲያው የወርቂቱን አግቢበት።»

ዱካውን ስቦ ወርቂቱን ከጎኑ አስቀመጣትና እጇን ያዘ። የስንት ሺህ ሰው አውራ ጣት ይዟል! ይህቺን ግን ለዚህ ነገር ይዟት አያውቅም። የበግ ጠጉር ስትፈትል የኖረች፣ የደረቀች፣ ጫፏ የተሰነጣጠቀ ጣት ናት። ማሽኑ እምቢ አለ።

«ደርቃለች» አለች ፈይዛ። «ትንሽ ትንፋሽ ይስጧት።»

ጋሽ አራጌ የሚስቱን አውራ ጣት ወደ አፉ አስጠግቶ እፍ፣ እፍ አለባት። የምሳ ሰዓት ነው፤ ከፍርድ ቤቱ የሚወጣው ሰው ሁሉ በፊታቸው ያልፋል። «ኧረ ሰው ያያል!» አለች ወርቂቱ እንደ አዲስ ሙሽራ አፍራ።

«ይይ!» አለ ጋሽ አራጌ። ፊቱንም የትም አላዞረም።

እፍ እያለ፣ እያስነካ፣ እንደገና እፍ እያለ ሰባቱን ሞላ። ፈይዛ ከላፕቶፑ ላይ የወጣውን አነበበችላቸው፦ «አራጌ። ቀኝ አውራ ጣት። ተመዝግቧል።»

ያን ዕለት ወደ ቤት ሲሄዱ ጋሽ አራጌ፣ «ወርቄ፣ ፊደል ላስቆጥርሽ?» አላት። አርባ ዓመት የዘገየ ጥያቄ ነው።

ወርቂቱ መንገዷን ሳታቋርጥ፣ «ክረምቱ ይለፍ» አለችው።

ካርቶኗ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ቆማለች፤ የፊተኛውን ግማሽ ግን ወደ ኋላ አጥፎታል። ምነው ሲሉት፣ «ምስክር ተገኝቶበት ውድቅ ሆነ» ይላል። ሁለተኛው ዱካ የወርቂቱ ሆኗል፤ እንዝርቷን ይዛ ትመጣለች።

ከሳምንታት በኋላ አለኸኝ ተመልሶ መጣ። አግዳሚው ባለጉዳይ ሞልቶበታል፤ ሁሉም ጆሮውን አቁሟል። «ጋሼ፣ የይግባኜ ቀጠሮ መቼ ነበር?» አለ።

ጋሽ አራጌ አፉን ከፈተ። ምንም አልመጣለትም። ድሮ ቢሆን፣ «ወረቀትህን አታይም?» ብሎ ይጮህበት ነበር። ዛሬ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ «ረሳሁት» አለ። «እሷን ጠይቃት። ቀጠሮ የምታውቀው እሷ ናት።»

ወርቂቱ እንዝርቷን ሳታቆም፣ «ኅዳር አሥራ ሁለት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት» አለች።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አለ አለኸኝ። ቀጣዩ ባለጉዳይ ከአግዳሚው ተነሥቶ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ተነሥቶ የሄደ ሰው አልነበረም።

ላፕቶፑ ሲጠብቅ ቆይቶ ተዘግቷል። ጋሽ አራጌ እጁን አነሣና አምስቱን ጣቶቹን አንድ በአንድ አያቸው። ወርቂቱ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ አውራ ጣቷን እፍ ብላ ዘረጋች። ተከፈተ።

«በይ እንግዲህ ወርቄ» አላት ዱካውን ወደ እሷ አስጠግቶ፣ «ዛሬ ምን ምን አለን?»